ከሐይቅ ስር የወጡ መንደሮች፦ ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

ባለፈው እትም በአልፕስ ተራሮች ዙሪያ ሐይቅና ረግረግ ዳር ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ5000 እስከ 500 ዓመት ድረስ ስለነበሩ መንደሮች ትንሽ ነገር ጽፌ ነበር፣ ዩኔስኮ በ2011 ስዊዘርላንድ፣ ጣሊያን፣ ጀርመን፣ ፈረንሳይ፣ ኦስትሪያና ስሎቬኒያ ውስጥ ካሉት 111ዱን ባንድ ላይ የዓለም ቅርስ ብሎ የመዘገባቸውን ማለቴ ነው። ጥያቄው እስካሁን አላቆመም፣ ስለዚ የዚህን ወር አምድ ሙሉውን ለሱ ሰጥቼዋለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፣ በኋላ እንዳትጨቃጨቁኝ።

ጥያቄ፦ ሰላም፣ ዙሪክ ነው የምኖረው። ኦፔራ ቤቱ ጋ ያለው የመሬት ስር ፓርኪንግ ሲቆፈር 5000 ዓመት የሞላው የእንጨት በር ተገኘ ብሎ ጓደኛዬ ነገረኝ። አላመንኩትም፣ ምክንያቱም አባቴ ደብረ ማርቆስ ያጠረው የባህር ዛፍ አጥር 5 ዓመት እንኳን አልቆየም። (መኮንን፣ ዙሪክ)

መልስ፦ ጓደኛህ ልክ ነው፣ ምሳ ጋብዘው። በሩ የተገኘው በ2010 ነው፣ ፓርኪንጉን ሊሰሩ ሲቆፍሩ ከስር አንዱ ባንዱ ላይ የተደራረበ የብዙ መንደር ፍርስራሽ ወጣ፣ በሩም እዛው መሃል ነበር። ሳንቃዎቹ እንዴት እንደተያያዙ፣ ማጠፊያው ሳይቀር ይታያል፣ የዛሬ አናጢ ቢያየው አይስቅበትም።

የአባትህን አጥር ግን እንዳለ እንጠቀምበት፣ መልሱ እዛው ነው ያለው። የበሰበሰ የአጥር እንጨት ነቅለህ ታውቅ ከሆነ የተበላው ወገቡ ላይ ነው፣ አፈሩና አየሩ የሚገናኙበት ጋ፣ ላዩ ደርቆ ቆሟል፣ ጠልቆ የተቀበረው ጫፍ ደሞ ብዙ ጊዜ ደህና ነው። እንጨት የሚበላው ፈንገስ እርጥበትም ኦክስጅንም ባንድ ላይ ይፈልጋል፣ አንዱን ከከለከልከው ስራ ይፈታል። የግብጽ መቃብር ውስጥ ያለ እንጨት የቆየው እርጥበት አጥቶ ነው፣ የዙሪኩ በር ደሞ አየር አጥቶ፣ ሐይቁ ከፍ ሲል ደለል ለበሰ፣ ደለሉ ውስጥ ኦክስጅን የለም፣ በቃ። ያለ ኦክስጅን መኖር የሚችሉ ባክቴሪያዎች አሉ በርግጥ፣ እነሱ ቀስ እያሉ የእንጨቱን ውስጥ ያሳሱታል፣ ቅርጹን ግን አይነኩትም፣ የተበላውን ቦታ ውሃ ይሞላዋል። ለዛ ነው የወጣውን እንጨት ስታየው ትናንት የተጠረበ የሚመስለው፣ የመጥረቢያው ምት እንኳን ይቆጠራል፣ ስትጫነው ግን ጣትህ ይሰምጣል። ፀሐይ ላይ ብትተወው ውሃው ይተናል፣ የሚደግፈው ነገር የለም፣ ተሰነጣጥቆና ተኮማትሮ ምን እንደነበር እንኳን አይታወቅም።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ይሄኛውን እኔ በጣም ነው የምወደው። ውሃ ሁሉንም እኩል አያስቀምጥም። የአልፕስ ሐይቆች ደለል ብዙውን ጊዜ ኖራማ ነው፣ እዛ ውስጥ ከተልባ ተክል ቃጫ የተሰራ ክር፣ ጨርቅ፣ የዓሣ መረብ ይቆያል፣ አጥንትም ይቆያል፣ ሱፍ ግን ይጠፋል። የሰሜን አውሮፓ ረግረግ ደሞ አሲድ ነው፣ እዛ ተልባው ይሟሟል፣ አጥንቱም ይለሰልሳል፣ ሱፍና ቆዳ ግን ይቀራል። ዴንማርክ ውስጥ በ1950 ለማገዶ የሚሆን የረግረግ አፈር ሲቆርጡ የነበሩ ሰዎች ያገኙት የቶሉንድ ሰው የሚባለው፣ ፊቱ ላይ ያለው አጭር ጺም ሳይቀር ስለሚታይ ሰሞኑን የተገደለ መስሏቸው ፖሊስ ነበር የጠሩት፣ ሰውየው ግን ከሞተ 2400 ዓመት ገደማ ሆኖታል። ስለዚ የሆነ ሙዚየም ገብታችሁ የሐይቅ ዳር ሰዎች የሚለብሱት ተልባ ብቻ ነበር የሚል ጽሑፍ ካያችሁ ተጠራጠሩ፣ ሱፉን ደለሉ በልቶት ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ ልጅ እያለሁ አንድ መጽሐፍ ላይ ሙሉ መንደር ውሃ ላይ በችካል ቆሞ ሰዎቹ በታንኳ ሲገቡ ሲወጡ የሚያሳይ ስዕል ነበር። አሁን ዩቲዩብ ላይ አንዱ ያ ሁሉ ውሸት ነው፣ ቤቶቹ ዳር ላይ ነበሩ፣ ውሃው ነው የመጣባቸው ይላል። የቱን ልመን? (ሄለን፣ አዲስ አበባ)

መልስ፦ ሄለን፣ ይሄ ጥያቄ ምሁራኑን መቶ ዓመት አጨቃጭቋቸዋል፣ ስለዚ ትንሽ ታገሺኝ።

ነገሩ የጀመረው በ1853 መጨረሻና በ1854 መጀመሪያ ነው። ያኔ ብርዱ ደረቅ ሆነና የዙሪክ ሐይቅ በጣም ጎደለ፣ ኦበርማይለን የሚባል ቦታ ያሉ ሰዎች አጋጣሚውን ተጠቅመው ከሐይቁ መሬት ለመቀማት ግንብ እየሰሩ ከወለሉ በቆፈሩት ጭቃ ሲሞሉ ችካል፣ የሸክላ ስባሪ፣ የአጋዘን ቀንድ ይወጣ ጀመር። የሰፈሩ አስተማሪ ዮሃንስ ኤፕሊ ዙሪክ ላለው የጥንት ቅርስ ማህበር ጻፈ፣ የማህበሩ ፕሬዝዳንት ፈርዲናንድ ኬለር መጥቶ አየና በዛው በ1854 ጽሑፍ አወጣ፣ ሰዎቹ ሐይቁ ላይ በተዘረጋ አንድ ትልቅ የእንጨት መድረክ ላይ ነበር የሚኖሩት አለ። መድረኩን ግን ማንም አላየም፣ የታየው ችካሉ ነው። ስዕሉን የወሰደው የፈረንሳይ መርከበኞች ኒው ጊኒ ውስጥ ዶሬይ የሚባል ቦታ አይተው ከሳሉት መንደር ነበር፣ እሱ ላይ ትንሽ አስተካክሎ ስዊዘርላንድ አደረገው። ሰዎቹንም ኬልቶች (የጥንት አውሮፓ ሕዝቦች ናቸው) ብሎ ነበር፣ ኬልቶች የሚባሉት ደሞ ገና ብዙ ዘመን ቆይተው ነው የሚመጡት።

ሰው ያመነው ግን እንዲሁ አይደለም፣ የጥንቱ ግሪካዊ የታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስም አለ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው ክፍለ ዘመን የጻፈው ሄሮዶቱስ ከግሪክ በስተሰሜን ባለው ትሬስ ውስጥ ፕራሲያስ የሚባል ሐይቅ ላይ በችካል ስለሚኖሩ ሰዎች ይናገራል፣ አንድ ወንድ ሚስት ባገባ ቁጥር 3 ችካል ከተራራ አምጥቶ ይተክላል ይላል (ሚስት ደሞ ብዙ ነው የሚያገቡት)፣ ህጻናቱን ውሃ ውስጥ እንዳይወድቁ እግራቸውን በገመድ ያስራሉ፣ ወለሉ ላይ ባለው መዝጊያ ቅርጫት ወደታች ቢለቁ ወዲያው ዓሣ ሞልቶ ይወጣል ይላል። እንዲህ አይነት ወሬ እያለ ማን ስዕሉን ይጠራጠራል።

ከዛ ግርግር ሆነ። በዛው በ1854 አዶልፍ ሞርሎ የሚባል ሰው ሞርዥ አጠገብ የራሱን የብረት ባልዲ የሚመስል ነገር ጭንቅላቱ ላይ ደፍቶ፣ አየር ከላይ በቱቦ እየተነፋለት ጄኔቫ ሐይቅ ውስጥ ገባ፣ እጁ ላይ የቢራቢሮ መረብ ይዞ ነበር። ከ1868 ጀምሮ ደሞ ጎርፍ ለመከላከል ተብሎ የነሻቴልና የቢል ሐይቆች ውሃ በ2.5 ሜትር ገደማ እንዲወርድ ሲደረግ የችካል ጫካ ባንዴ ወጣ፣ ሰው አካፋ ይዞ ወረደ፣ ያገኘውን ለሙዚየምና ለሰብሳቢ ይሸጥ ጀመር፣ እቃው ሲያልቅ ደሞ አስመስሎ መስራት መጣ። ያኔ የጠፋው መረጃ ዛሬም ያንገበግባል፣ ምክንያቱም ከችካሎቹ መሃል የትኛው ከየትኛው ቤት ጋር እንደሆነ ማንም አልመዘገበም።

ክርክሩ የዞረው በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ኤሚል ፎግት የሚባል የዙሪክ አርኪዮሎጂስት በ1955 ቤቶቹ መሬት ላይ፣ ሐይቁ ዳር ነው የነበሩት ብሎ ተከራከረ፣ ምድጃው በጭቃ ተለስኖ በቀጥታ የሐይቁ ዳርቻ አፈር ላይ ሲገኝ ውሃ ላይ ነበር ማለት እንዴት ይቻላል፣ ችካሉም የበዛው ቤቱ በየጥቂት ዓመቱ ስለሚታደስ ነው። አብዛኛው ሰው ተስማማ። ከዛ ሬናቶ ፔሪኒ ሰሜን ጣሊያን ፊያቬ የምትባል ረግረግ ላይ ሲቆፍር የነሐስ ዘመን ረጃጅም ምሰሶዎች የሐይቁ ወለል ውስጥ ተተክለው አገኘ፣ እነዚህ ያለ ጥርጥር ውሃ ውስጥ የቆሙ ናቸው፣ እዛው አጠገብ በሌላ ዘመን የተሰሩት ግን ዳር ላይ ናቸው።

ስለዚ የዩቲዩቡ ሰውዬ ብዙውን አግኝቷል፣ ሁሉንም አላገኘም። አብዛኞቹ ዳር ላይ ነበሩ፣ እርጥብ መሬት ላይ፣ አንዳንዶቹ ጎርፍ ሲመጣ እንዳይገባባቸው ወለላቸውን ከፍ ያደረጉ፣ ጥቂቶቹ እውነትም ውሃ ላይ። እኔን የሚገርመኝ ከ4000 ዓመት በላይ፣ በ6 አገር የኖረ ሕዝብ ሁሉ አንድ አይነት ቤት ነው የነበረው ብሎ መነሳቱ ነው።

ጥያቄ፦ የጂኦሎጂ ተማሪ ነኝ። ዕድሜ የሚለካበት ካርቦን የራሱ የስህተት ክልል አለው፣ ታዲያ እነዚህ ሰዎች 3807 ምናምን ብለው ቁርጥ ያለ ዓመት ከየት ያመጣሉ? ለኛ አገርስ ይሰራል? (ዳዊት፣ ጎንደር)

መልስ፦ ከዛፍ ቀለበት። ብርድና ሙቀት የሚፈራረቅበት አገር ዛፍ በዓመት አንድ ቀለበት ይጨምራል፣ በጎ ዓመት ሰፊ፣ ክፉ ዓመት ቀጭን፣ ስለዚ የ50 ወይ የ100 ዓመት የሰፊና የቀጭን ቅደም ተከተል እንደ ጣት አሻራ ነው። ዛሬ ከተቆረጠ ዛፍ ተነስተህ፣ የሱን ውስጠኛ ቀለበቶች ከአሮጌ ቤት ምሰሶ ውጫዊ ቀለበቶች ጋር ታገጣጥማለህ፣ የምሰሶውን ውስጥ ደሞ ወንዝ ደለል ውስጥ ከተቀበረ ግንድ ጋር፣ እንዲህ እያሉ ጀርመኖቹ በኦክና በፓይን ዛፍ ከ12 ሺህ ዓመት በላይ ያለማቋረጥ ወደኋላ ሄደዋል። የተገኘው ችካል ቅርፊቱ ካለው መጨረሻ ያደገው ቀለበት አለ ማለት ነው፣ ዛፉ የተቆረጠበት ዓመት፣ አንዳንዴ ወቅቱ ጭምር ይታወቃል።

አንተ የጠቀስከው 3807 የእንግሊዝ ሶመርሴት ረግረግ ላይ በ1970 የተገኘው ስዊት ትራክ የሚባለው የእንጨት መተላለፊያ ነው፣ 2 ኪሎ ሜትር ሊሞላ ትንሽ የቀረው፣ ለመንገዱ የሆኑት ዛፎች ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3807 ብርድ ወራትና በ3806 ጸደይ መሃል ነው የተቆረጡት። ከመንገዱ አጠገብ ጃዳይት ከሚባል ድንጋይ የተሰራ አንዴም ያልተሰራበት መጥረቢያ ተገኝቷል፣ ድንጋዩ የመጣው ከአልፕስ ነው። ሰው ያን የሚያክል እቃ ይዞ ረግረግ መሃል ምን ሊያደርግበት ነበር፣ ወድቆበት ነው ወይስ ሆን ብሎ ሰጥቶት፣ አስቡት።

የቀለበቱ ትልቁ ጥቅም ግን መንደሮቹ ምን ያህል አጭር ዕድሜ እንደነበራቸው ማሳየቱ ነው። ኮንስታንስ ሐይቅ ዳር ያለው አርቦን ብላይኸ 3 የሚባለው መንደር የመጀመሪያው ቤት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3384 ተሰራ፣ የመጨረሻው እንጨት በ3370 ተቆረጠ፣ ከዛ መንደሩ ተቃጠለ፣ አለቀ። 15 ዓመት ገደማ። እኛ ጥንታዊ ሰፈር ሲባል አያት ቅድመ አያት የተቀበሩበት ይመስለናል፣ እነዚህ ግን ምሰሶው ሲበሰብስ፣ ውሃው ሲነሳ፣ እሳት ሲነሳ፣ ማሳው ሲደክም ጥቂት ራቅ ብለው እንደገና ይሰሩ ነበር። ለኛ አገር ይሰራል ወይ ላልከው፣ ጽድ ላይ የተሞከረ አለ፣ ችግሩ ዝናቡ በዓመት አንዴ ብቻ ባለመሆኑ ዛፉ አንዳንዴ በዓመት ከአንድ በላይ ቀለበት ማውጣቱ ነው።

ጥያቄ፦ እዚህ እስራኤል ኪነረት ሐይቅ (የገሊላ ባህር) ሲጎድል ዜና ላይ ይወራል፣ ሲሞላም ይወራል። ከስሩ ጥንታዊ መንደር አለ የሚሉት እውነት ነው? (አስቴር፣ ነታንያ)

መልስ፦ እውነት ነው አስቱ፣ እንደውም በዚህ አምድ ከማነሳቸው የሰው ጎጆዎች ውስጥ በዕድሜ እሱን የሚያህል የለም። በ1989 ድርቅ ሆኖ ኪነረት ሲወርድ ከጥብርያዶስ ደቡብ ባለው ዳርቻ ኦሃሎ 2 የሚባለው ቦታ ወጣ፣ ዕድሜው 23 ሺህ ዓመት። ዳኒ ናዴልና ቡድኑ ቆፍረው ከቅርንጫፍ የተሰሩ 6 ጎጆዎች አገኙ፣ ተቃጥለው የቀሩ፣ ወለላቸው ላይ ለመኝታ የተነጠፈ ሳር ሳይቀር ነበር። ውሃው ቶሎ ተመልሶ ደለል ስላለበሰው ከ100 ሺህ በላይ የእህልና የፍራፍሬ ዘር ተርፏል፣ የዱር ገብስና የዱር ስንዴ አለበት፣ በወፍጮው ድንጋይ ላይ የእህል ስታርች ተገኝቷል። ሰው እርሻ ጀመረ ከሚባልበት ጊዜ 11 ሺህ ዓመት ገደማ ቀድሞ ማለት ነው፣ ገና ሳያርስ ሲፈጭ ነበር።

አንቺ ካለሽበት ብዙም ሳይርቅ፣ ከሃይፋ ደቡብ አትሊት ጋ ደሞ ባህር ውስጥ ሌላ አለ፣ አትሊት ያም ይባላል፣ በ1984 ኤሁድ ጋሊሊ ያገኘው፣ ከ8 እስከ 12 ሜትር ጥልቀት ላይ። 9 ሺህ ዓመት ገደማ የሆነው የገበሬና የዓሣ አጥማጅ መንደር ነው፣ የድንጋይ ቤቶች፣ 5 ሜትር ተኩል የሚወርድ የውሃ ጉድጓድ አለው። እሱን የበላው የበረዶ ዘመን በረዶ ሲቀልጥ ከፍ ያለው ባህር ነው፣ ቀስ በቀስ ጉድጓዱ ጨው ጨው ማለት ሲጀምር ሰው ለቅቆ ሄዷል።

ጥያቄ፦ ሁሌ ድንጋይና ሸክላ ነው የምትነግሩን። እነዚህ ሰዎች ምን በሉ፣ ምን ለበሱ፣ ቤታቸው ውስጥ ምን ነበር? (ወ/ሮ ብርቱካን፣ ሲያትል)

መልስ፦ ወይዘሮ ብርቱካን፣ ለእርስዎ ሐይቁን ትቼ ወንዝ ውስጥ ልግባ። ማስት ፋርም ይባላል፣ እንግሊዝ ፒተርቦሮ አጠገብ ነው፣ የጡብ ፋብሪካ አፈር የሚያወጣበት ጉድጓድ ውስጥ በ1999 የችካል ጫፍ ታየ፣ ዋናው ቁፋሮ በ2015 እና 2016 ሆነ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ850 ገደማ ቀስ ብሎ በሚፈስ ወንዝ ላይ በምሰሶ የቆሙ ክብ ቤቶች ናቸው፣ ተሰርተው ዓመት ሳይሞላቸው ባንድ ቀን እሳት በላቸው። እንጨቱ ገና እርጥብ ነበር፣ ነቀዝ እንኳን አልገባበትም። የነደደው ቤት እንዳለ ወንዙ ውስጥ ወደቀ፣ እሳቱ አከሰለው፣ ውሃው አጠፋው፣ ደለሉ ሸፈነው፣ እያንዳንዱ ቤት ንብረቱ ከስሩ እንደተከመረ ቀረ። ጋዜጦች እሳተ ገሞራ በቀበራት የጣሊያን ከተማ ስም የእንግሊዝ ፖምፔይ ይሉታል፣ እኔ አልወደውም፣ ፖምፔይ ላይ ሰው አልቋል፣ እዚህ ግን በእሳቱ ሞተ የሚባል ሰው አልተገኘም፣ ሮጠው አምልጠዋል።

ሲሮጡ ግን ምግቡን ትተውት ነው። አንድ ጎድጓዳ የሸክላ ሳህን ውስጥ ከስንዴ የተሰራ ገንፎ ከነእንጨት ማማሰያው ተገኝቷል፣ ገንፎው ውስጥ የስጋ ስብ ነበረበት፣ ያው ቅቤ ባይኖርም። ቤት ውስጥ መጥረቢያና ማጭድ ከነሐስ፣ ትልቅ ትንሽ ሆነው የተሰደሩ ሸክላዎች፣ ከተልባና ከዛፍ ቅርፊት የተሰራ ክር በመጠቅለያው ላይ እንዳለ፣ በጣም ስስ ጨርቅ፣ እስከ መካከለኛው ምስራቅ ድረስ ርቆ የመጣ ብርጭቆ ጨሌ። ቤት ውስጥ ከ3 እስከ 6 ወር የሆናቸው የበግ ግልገሎች ተቃጥለዋል፣ በዛ ነው እሳቱ በበጋ መጨረሻ ወይ በመከር መጀመሪያ እንደተነሳ የተገመተው። ቆሻሻው ደሞ ሌላ ታሪክ ነው፣ የሰውና የውሻ አይነምድር ውስጥ ከጥሬ ወይ በደንብ ካልበሰለ ዓሣ የሚመጣ የትል እንቁላል ተገኝቷል። ስለዚ ድሮ ሰው ንጹህ በልቶ ጤነኛ ነበር ለሚልዎት ይሄንን ይንገሩልኝ።

ልብስና መልክ ካሉ ደሞ ዴንማርክ ሎላንድ ደሴት ላይ ሲልትሆልም በሚባል ቦታ ከበርች ዛፍ ቅርፊት የተነጠረ ጥቁር ሙጫ ተገኝቷል፣ አንዷ ከ5700 ዓመት በፊት እንደ ማስቲካ አኝካ ተፍታዋለች። በ2019 ከዛ ላይ ሙሉ ዲ ኤን ኤዋን አወጡ፣ ጥቁር ቆዳ፣ ጠቆር ያለ ቡናማ ጸጉር፣ ሰማያዊ ዓይን የነበራት ናት፣ በቅርቡ የዳክዬ ስጋና ሃዘልነት የሚባል ለውዝ መሰል ፍሬ በልታለች። አጥንቷ ግን የለም፣ ማስቲካው ብቻ።

ጥያቄ፦ ይሄ ሁሉ ባህር ውስጥ ሰጠመች የምትባለው አትላንቲስ ነው ማለት ይቻላል? (ስም ያልጻፉ)

መልስ፦ አይቻልም። ቀጥሎ።

ጥያቄ፦ ጋሪ ከየት መጣ ተብሎ ከልጄ ጋር ተከራከርን። ረግረግ ውስጥ መንኮራኩር ተገኝቷል ይላል። (አቶ ጌታሁን፣ አዳማ)

መልስ፦ ልጅዎ አሸንፏል። በ2002 ስሎቬኒያ ሉብሊያና አጠገብ ባለ ረግረግ 5150 ዓመት ገደማ የሆነው የእንጨት መንኮራኩር ከነዘንጉ ተገኝቷል፣ ጎኑ ከጎኑ 70 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፣ መንኮራኩሩ አሽ ከሚባል ዛፍ፣ ዘንጉ ደሞ ከኦክ። ዘንጉ ከመንኮራኩሩ ጋር አብሮ እንዲዞር የተሰራ ነው። የመጀመሪያው ጋሪ እዛ ተሰራ ማለት ግን አይደለም፣ ሌላ ቦታ የነበረው ስለበሰበሰ ነው፣ እዚህ ላይ አቶ ጌታሁን እርስዎም ነጥብ ያገኛሉ።

ጥያቄ፦ ሁሌ አውሮፓ አውሮፓ። አፍሪካ ውስጥ ሰው እንጨት አይጠርብም ነበር? (ሰሚራ፣ ዱባይ)

መልስ፦ ይጠርብ ነበር ሰሚራ፣ እንደውም አፍሪካ ያለው ሁሉንም የሚያስረሳ ነው። ዛምቢያ ካላምቦ ፏፏቴ አጠገብ ወንዝ ዳር እርጥብ አሸዋ ውስጥ ሁለት ግንዶች አንዱ ባንዱ ላይ ተቀርጾ ተጋጥመው ተገኝተዋል፣ በ2023 ነው ውጤቱ የታተመው፣ ዕድሜው 476 ሺህ ዓመት ገደማ። ሺህ ነው ያልኩት፣ አልተሳሳትኩም። የኛ ዝርያ ሆሞ ሳፒየንስ ገና አልመጣም ያኔ። መድረክ ይሁን መተላለፊያ ይሁን የቤት መሠረት ይሁን ይከራከሩበታል፣ ግን ግንዱን ሆን ብሎ ቀርጾ ያጋጠመ ሰው ነበረ፣ ውሃው ባያስቀምጠው ኖሮ የዛ ዘመን ሰው ድንጋይ ከመፈለጥ ሌላ ምንም አያውቅም እያልን እንቀጥል ነበር። ካርቦን እዛ ድረስ አይሄድም፣ ስለዚ አሸዋው ለመጨረሻ ጊዜ ፀሐይ ያየበትን ጊዜ በሚለካ ዘዴ ነው የተለካው።

ጥያቄ፦ ጣና ስርስ? ታንኳ የሚቀዝፉ ሽማግሌዎች ከስር ከተማ አለ ይላሉ። (የባህር ዳሩ ልጅ)

መልስ፦ ሽማግሌዎቹን አልቃወምም፣ ግን ስለ ጣና በደለል ናሙና የተረጋገጠው ራሱ ከወሬው አይተናነስም። ከሐይቁ ወለል በቱቦ የተወሰደው ደለል እንደሚያሳየው ጣና ከዛሬ 17 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ደርቆ ነበር፣ ዓባይ ከዛ አይወጣም ነበር ማለት ነው። በኋላ ዝናቡ ሲመለስ መጀመሪያ ረግረግ ሆነ፣ ከዛ ሐይቅ። ስለዚ ያኔ ሰው ዛሬ ውሃ ባለበት ሜዳ ላይ መሄድ ይችል ነበር።

ስምጥ ሸለቆው ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ከዛሬ 9 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ አብያታና ሻላ አንድ ትልቅ ሐይቅ ነበሩ፣ ውሃው ከዛሬው ሻላ ከ100 ሜትር በላይ ከፍ ያለ፣ ሲተርፈው ወደ አዋሽ ይፈስ ነበር። ቱርካናም እንደዛው ከፍ ብሎ ነበር፣ የዛ ዘመን ዓሣ አጥማጆች የአጥንት ጦራቸው ዛሬ ከሐይቁ ርቆ ደረቅ መሬት ላይ ነው የሚገኘው። ስለዚ እኛ አገር የዛን ዘመን የሐይቅ ዳር ሰፈር የሚፈልግ ሰው ዳይቪንግ ከመማሩ በፊት በእግሩ ኮረብታው ላይ ይውጣ። ደረቅ መሬት ላይ ስለሆነ ግን ድንጋይና አጥንት እንጂ እንጨትና ጨርቅ ይገኛል ብሎ ተስፋ ማድረግ ከባድ ነው።

ጥያቄ፦ ይሄን ሁሉ ሀብት ለምን ባንዴ አያወጡትም? ደሞ እኛ ሐዋሳ የምንዋኝ ልጆች የሆነ ነገር ብናገኝ ምን እናድርግ? (ቢኒ፣ ሐዋሳ)

መልስ፦ የሚያወጡት እዛው ቢተዉት የማይተርፍ ሲሆን ነው። ማውጣቱ ቀላሉ ክፍል ነው፣ በ1960ዎቹ ኡልሪኽ ሩኦፍ ዙሪክ ላይ ያለማመደው ዘዴ አለ፣ ዳይቨሩ ፊት ለፊት ውሃ በፓምፕ እየተገፋ የሚደፈርሰውን ጭቃ ወደጎን ይወስድለታል፣ የሚጠልቁትም ብዙ ጊዜ በብርድ ነው፣ አልጌ ስለሚቀንስና ውሃው ስለሚጠራ። መከራው የሚመጣው ከወጣ በኋላ ነው፣ እንጨቱን ፖሊኢትሊን ግላይኮል የሚባል ሰም መሰል ነገር ውስጥ ለወራት ወይ ለዓመታት ዘፍዝፈህ በውሃው ቦታ ሰሙ እንዲገባ ታደርጋለህ፣ ከዛ በብርድ ታደርቀዋለህ፣ ገንዘቡም ቦታውም ብዙ ነው። ከባህር ስር የወጣችውን የስቶክሆልሟን ቫሳ መርከብ ይሄንኑ 17 ዓመት ነው ሲረጯት የኖሩት። ስለዚ ስዊዞች ብዙውን እዛው ትተው ማዕበልና የጀልባ መልህቅ እንዳይሸረሽረው በጨርቅ መሰል ንጣፍና በጠጠር ይሸፍኑታል።

መተውም ግን ሁሌ አያዋጣም። እንግሊዝ ስታር ካር የሚባለው 11 ሺህ ዓመት ገደማ የሆነው ሰፈር፣ ከ1949 እስከ 1951 ግራሃም ክላርክ ሲቆፍር ከአጋዘን ቀንድ የተሰሩ የራስ ጌጦች 21 ያገኘበት፣ ዙሪያው ለእርሻ ውሃው ተቀድቶ ሲደርቅ አየር ገባና ረግረጉ ወደ ኃይለኛ አሲድ ተለወጠ፣ በ2000ዎቹ ሲመለሱበት አጥንቱ እንደ ጄሊ ሆኖ ነበር የጠበቃቸው። 11 ሺህ ዓመት ቆይቶ በጥቂት አስርት ዓመታት ነው የተበላሸው። ገበሬውን መውቀስ አይቻልም፣ እሱ ያፈሰሰው ለእህሉ ነው።

እናንተ የሐዋሳ ልጆች፣ ካገኛችሁ አትጎትቱ። ቦታውን ዳር ካለ ዛፍ ወይ ሕንጻ ጋር አመሳክራችሁ ያዙ፣ ፎቶ አንሱ፣ ለከተማው ባህልና ቱሪዝም ቢሮ ንገሩ። እንጨት ከሆነና መረብ ጎትቶት ቀድሞ ከወጣ ደሞ በዛው በሐይቁ ውሃ የተሞላ በርሜል ውስጥ ክተቱትና ጥላ ስር አድርጉት፣ ጭቃውንም አትጠቡት።